30ኛው ያልፋል፣ 31ኛው ይመለሳል

በጥር 2016 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ክሪስቶባል ዴል ሶላር የተባለ የ30 ዓመት ቺሊያዊ 18ቱን የጎልፍ ጉድጓዶች በ57 ምት ጨረሰ። ጎልፍ ለማያውቅ ሰው ቁጥሩ ምንም አይነግረውም፤ ለእኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበር። በጎልፍ የሚያሸንፈው ትንሽ የመታው ነው። ያ ሜዳ ደግሞ ጎበዝ ባለሙያ በ70 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ የተለካ ነው። በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ሥር በሚካሄዱ ውድድሮች ከዚያ ቀን በፊት 57 የመታ ሰው አልነበረም። እሁድ ዕለት ግን ዋንጫውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ኬቨን ቬሎ የተባለ አሜሪካዊ።

የፒጂኤ ቱር ውድድሮችን ክብረ ወሰን ሰብሮ በሳምንቱ መጨረሻ ሳያሸንፍ መመለስ! ይህንን ካየሁ በኋላ ነው ስለዚህ ውድድር ማንበብና መከታተል የጀመርኩት። ልጆቻችንን ወደ ስፖርት ስንልክ የምናስበው ዋንጫውን ነው። ከዋንጫው በታች ያለውን ኑሮ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ውድድሩ ኮርን ፌሪ ቱር ይባላል። በጎልፍ ትልቁ መድረክ ፒጂኤ ቱር ነው፤ ይኸኛው ከሥሩ ያለ የማሳደጊያ ውድድር ነው። በኳስ ቋንቋ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንበለው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያድገው ክለብ ሳይሆን ሰው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታዋቂው ጎልፈኛ በቤን ሆጋን ስም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስፖንሰሩ በተለወጠ ቁጥር ስሙም ሲለወጥ ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ላይ ያለፉት 5 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2024 ደግሞ በዓመቱ ነጥብ ከ1ኛ እስከ 30ኛ የወጡት ለቀጣዩ ዓመት የፒጂኤ ቱር ካርድ አገኙ። ካርድ የሚሉት የመጫወቻ ፈቃዱን ነው።

የውድድር ዘመኑ በጥር በባሃማስ ደሴቶች ይጀመራል። ከዚያ ፓናማ፣ ኮሎምቢያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊ እያለ ወደ አሜሪካ ይገባና እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ከከተማ ከተማ ይዞራል። በ2024 በጠቅላላው 26 ውድድሮች ነበሩ። ተጫዋቹ በባሕር ጠረፍ ንፋስ ተጫውቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦጎታ ይደርሳል፤ ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ትጠጋለች፣ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፤ በየትኛው ዱላ ስንት ሜትር እንደሚመታ ሲያሰላ የኖረ ሰው ስሌቱን እንደገና መጀመር አለበት። ከቆላ ወደ ደጋ በድንገት የመጣ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ራሱን ሲያመው፣ ቶሎ ሲጠማው የምናውቀው ነገር ነው። ውጭ አገር ቆይተው የሚመጡ ዘመዶቻችንም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ሲወጡ ሲያለከልኩ አይተናል።

ሳምንቱ እንዲህ ነው። መደበኛ ቦታ የሌላቸው ሰዎች ሰኞ ዕለት ማጣሪያ ይገጥማሉ፤ ብዙውን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሻማው ለ8 ቦታ ብቻ ነው። በ2024 ብዙውን ጊዜ ሐሙስ 156 ተጫዋቾች ይጀምሩ ነበር። ዓርብ ማታ 65ቱና ከ65ኛው ጋር እኩል ነጥብ ያላቸው ይቀራሉ፤ ሌላው ሻንጣውን ይሸክፋል። በ2024 በአብዛኞቹ ውድድሮች የሚከፋፈለው ሽልማት በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አንደኛው 180,000 ዶላር ይወስድ ነበር። ማጣሪያውን ለጥቂት ያለፈና እሁድ ከመጨረሻዎቹ የሆነ ሰው 4,000 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። ዓርብ የወደቀው ግን ምንም አያገኝም። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ የምግቡን፣ ዱላውን የሚሸከምለትንና የሚያማክረውን የካዲውን የሳምንት ክፍያ ከኪሱ ከፍሎ ባዶ እጁን ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። እኔ በሥራ ዘመኔ ደመወዙ ትንሽ ነው ብዬ ብዙ አማርሬአለሁ፤ የወሩ መጨረሻ ግን አንድም ጊዜ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። የእነዚህ ሰዎች ሚስቶች በየዓርቡ ማታ ስልክ ሲጮህ ምን እንደሚሰማቸው አስባለሁ።

ከአሜሪካኖቹ ልማድ የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ውድድሩ በሚካሄድበት ከተማ ያሉ ቤተሰቦች ተጫዋቾቹን በቤታቸው ያሳድራሉ። በተለይ በሴቶቹ የማሳደጊያ ውድድር፣ በኤፕሰን ቱር፣ ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ እዚያ ሽልማቱ ከወንዶቹ በእጅጉ ስለሚያንስ የሆቴል ወጪ መዳኑ ትልቅ ነገር ነው። እንግዳ መቀበል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የማያውቋትን ልጅ ለአንድ ሳምንት አልጋ ለቀው፣ ቁርስ አቅርበው፣ ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ድረስ ሄደው የሚያጨበጭቡላት ሰዎች አሉ።

ስለ አካላቸው ካልተናገርኩ ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል። ሰዎች ጎልፍን የሽማግሌ ሽርሽር ያደርጉታል። ተጫዋቹ በአንድ ዙር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይራመዳል፤ ማጣሪያውን ካለፈ አራት ቀን በተከታታይ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ምቱ ነው። ወገብን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በኃይል መጠምዘዝ፣ በልምምድ ሜዳ ደግሞ በቀን መቶዎች ጊዜ። የወገብ ሕመም በጎልፈኞች ዘንድ የተለመደው ጉዳት ነው። ሕመሙን የሚያብሰው ደግሞ ማረፍ አለመቻሉ ነው፤ አንድ ሳምንት የተኛ ሰው የዚያን ሳምንት ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ ማስታገሻ ውጦ ይወጣል። «ዛሬ ካልሠራሁ ነገ ምን እበላለሁ» እያሉ ቁስላቸውን ደብቀው የሚሄዱ የቀን ሠራተኞችን ስንት ጊዜ አክሜአለሁ፤ ነጭ ጓንት ያደረገው ጎልፈኛም ያው ሆነብኝ።

በዚያው በ2024 ዓለም የተገለበጠላቸውም ነበሩ። የደቡብ አፍሪካው አልድሪች ፖትጊተር በጥር በባሃማስ ሲያሸንፍ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ በውድድሩ ታሪክ ከእርሱ በዕድሜ ያነሰ አሸናፊ የለም። ግራኙ ማት ማካርቲ በበጋው ጥቂት ሳምንታት ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ሕጉ በአንድ ዓመት ሦስቴ ያሸነፈ የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ይለፍ ስለሚል፣ ወዲያው ወደ ፒጂኤ ቱር ወጣና በጥቅምት እዚያም አሸነፈ። በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ የእኛው ታምራት ቶላ የማራቶንን ወርቅ ባመጣበት፣ የጎልፍን ወርቅ የወሰደው ስኮቲ ሼፍለርም እ.ኤ.አ. በ2019 የዚሁ የማሳደጊያ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ነበር።

ዓመቱን የሚዘጉት አራት ውድድሮች ናቸው። አንደኛው በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ የሚካሄደው በከተማዋ የሕፃናት ሆስፒታል ስም ነው፤ ገቢው ለሆስፒታሉ ይውላል። ይህን ሳነብ በእኛም ሆስፒታሎች ስም አንድ የሩጫ ውድድር ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። የመጨረሻው በመስከረም መጨረሻ ኢንዲያና ውስጥ በፍሬንች ሊክ ተደረገ፤ የሚገባው 75 ሰው ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ የሁሉም ዓይን የነበረው መሪው ላይ ብቻ አልነበረም፤ 30ኛው አካባቢ የቆሙት ሰዎች ላይም ነበር። 30ኛው በቀጣዩ ዓመት የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚከፋፈልባቸው ውድድሮች ነው። 31ኛው ግን ካርዱን አላገኘም። በ26 ውድድር ውስጥ የትኛዋ ምት እንደጎደለችው ሲቆጥር ይከርማል፤ በአንድ ተራ ሐሙስ ጠዋት የሳታት የአንድ ሜትር ኳስ ልትሆን ትችላለች።

ዴል ሶላር ከ30ዎቹ ውስጥ ገባ። ፖትጊተርም ገባ፤ በ2025 በዲትሮይት የፒጂኤ ቱር ዋንጫ አነሳ። በዚያው በ2025 ግን ወደ ላይ የሚወስደው ካርድ ከ30 ወደ 20 ተቀነሰ።