ተጨማሪ መረጃ፦ ጥሩ ግብር በምን ይመዘናል?

ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ለግብር አራት መመዘኛዎች አስቀምጧል፦ ፍትሐዊነት፣ እርግጠኝነት፣ ለከፋዩ አመቺነትና ቆጣቢነት። ቆጣቢነት ብዙ አያከራክርም፤ ግብሩን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ይነስ ማለት ነው። አመቺነትም ግልጽ ነው፤ ቀጣሪው ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ገቢ ሲያደርግ ሠራተኛው ወረፋ አይጠብቅም።

አከራካሪው ፍትሐዊነት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እስከ 600 ብር ያለውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ አደረገ፤ ከ10,900 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ጣለ። (35 በመቶው የሚታሰበው ከዚያ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም።) የተሻለ የሚያገኝ የተሻለ ይክፈል የሚለው ሐሳብ መልካም ነው። ሆኖም ኑሮ ሲወደድ ደመወዝ በቁጥር ያድጋል እንጂ የመግዛት አቅሙ አይጨምርም። የግብሩ እርከኖች ባሉበት ከቆሙ ሠራተኛው ኑሮው ሳይሻሻል ወደ ከፍተኛው ምጣኔ ይገፋል፤ ማንም ሕግ ሳይለውጥ ግብሩ ይከብደዋል። ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ወደ 2,000 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ እጅግ ዘግይቷል።

እርግጠኝነት ደግሞ ከፋዩ ምን ያህል፣ መቼና እንዴት እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ ይላል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደረጃ «ሐ» የሚባሉት አነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ በገማቾች ሲተመን በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት ባለ ሱቅ ግምቱን በምን ያስተባብል?