ጭፈራ የመሰለው ግጥሚያ

በአገራችን ፉከራና ሽለላ አለ። ጀግናው ጦሩን እየሰበቀ፣ እየተንጎራደደ ይፎክራል፤ ሰው ያጨበጭብለታል። ሱርማዎችም ዶንጋ የሚባል የዱላ ግጥሚያ አላቸው። ዘፈንና ግጥሚያ አብረው ሲሄዱ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የምናወራላችሁ ግን ስለ ብራዚሉ ካፖኤራ ነው።

ብራዚል ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ያለች ሰፊ አገር ናት። ፖርቱጋሎች ያዟትና ሸንኮራ አገዳ ተከሉባት። ታዲያ አገዳውን የሚቆርጠው ማን ነበር? ከአንጎላና ከሌላውም የአፍሪካ ምድር ተይዞ፣ በመርከብ ታጭቆ የተወሰደ ሰው ነው። ከ300 ዓመት በላይ በቆየው የባሪያ ንግድ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ አፍሪካዊ ብራዚል ገብቷል። በመንገድ የሞተውም ብዙ ነው፤ ሬሳው ባሕር ይጣል ነበር።

ካፖኤራ የተፈጠረው በእነዚህ ሰዎችና እዚያው በተወለዱት ልጆቻቸው መካከል ነው። መሣሪያ አልነበራቸውም። እጅና እግራቸው ግን ነበረ። ጌታው ሲያይ ጭፈራ እንዲመስለው አድርገው ይለማመዱት ነበር ይባላል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ። ሁለት ሰዎች መሀል ይገባሉ። አንዱ በእግሩ ሲሰነዝር ሌላው ጎንበስ ብሎ ያመልጣል፤ እጁን መሬት አስደግፎ እግሩን ወደ ሰማይ ያነሣል። ከጉልበት ብልጠት ይበልጣል። ጨዋታውን የሚመራው ቤሪምባው የሚባል መሣሪያ ነው። እንጨት እንደ ቀስት ይለመጥና ሽቦ ይወጠርበታል፤ ቅልም ይታሰርለታል። ማሲንቆን አስቡ፤ ያም ባለ አንድ ጅማት ነው። ማሲንቆ በጭራ ሲመታ ይኸኛው በቀጭን እንጨት ይመታል። ምቱ ሲፈጥን ተጫዋቾቹም ይፈጥናሉ። ፈረሰኛ ፖሊስ መምጣቱን የሚያስታውቅ ምትም ነበረው ይባላል።

ፖሊስ ምን አገባው? አገባው እንጂ! በብራዚል ባርነት በሕግ የቀረው በ1888 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዓድዋ ድል 8 ዓመት ቀድሞ፣ ግንቦት ልደታ አልፋ ሳምንት ሳይሞላት መሆኑ ነው። (በእኛም አገር ባርነትን የሚከለክል አዋጅ የወጣው በ1942 እንደነሱ አቆጣጠር መሆኑን አንርሳ።) ነፃ ወጣችሁ የተባሉት ሰዎች መሬት አልተሰጣቸውም። መሬት የሌለው ገበሬ ምን ነፃነት አለው? ብዙዎቹ ወደ ከተማ ፈለሱ። በ1890 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ፤ በአደባባይ ካፖኤራ የተጫወተ ከ2 እስከ 6 ወር ይታሰር ተባለ።

ጨዋታው ግን አልጠፋም። በ1932 መምህር ቢምባ የሚባሉ ሰው ሳልቫዶር በምትባለው ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1937 መንግሥት ዕውቅና ሰጣቸው። መምህር ፓስቲኛ ደግሞ የድሮውን ስልት ይዘው በ1941 ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ፓስቲኛ ልጅ ሳሉ አንድ ጉልበተኛ ልጅ እየጠበቀ ይመታቸው ነበር። ይህን በመስኮት ያዩ አንድ አፍሪካዊ ሽማግሌ ጠርተው አስተማሯቸው። በ1966 ዕድሜያቸው ከ75 አልፎ ሳለ፣ ዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ በዓል ላይ ለመገኘት አፍሪካን ረገጡ።

በኋላ ግን ቤቱ ይታደሳል ተብሎ ትምህርት ቤታቸውን እንዲለቁ ተደረገ፤ አልተመለሰላቸውም። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ደህይተው በ1981 ሞቱ።

በ2014 ዩኔስኮ የካፖኤራን ክብ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። የእኛ የመስቀል በዓል እዚያው መዝገብ ላይ የሰፈረው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።