የእርግዝና ስኳር ምርመራ ላድርግ ወይስ ይቅር?

«ምንም አላመመኝም፤ በቤተሰባችንም ስኳር ያለበት የለም» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። የእርግዝና ስኳር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያዳክሙ ማንኛዋንም ነፍሰ ጡር ሊይዝ ይችላል።

ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይሠራል። ሌሊቱን ሳትበዪ አድረሽ ደም ትሰጫለሽ፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ትጠጫለሽ፤ ከ1 እና ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደምሽ ይታያል። መጠጡ በጣም ስለሚጣፍጥ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፤ አረፍ ብለሽ ጠብቂ።

ሳይታወቅ ከቀረ ጽንሱ ከመጠን በላይ ሊገዝፍ፣ ምጡም ሊከብድ ይችላል። ከታወቀ ብዙዎች በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብቻ ይቆጣጠሩታል። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ግን ተመርመሪ እላለሁ። ከዚህ በፊት ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ከወለድሽ 24ኛውን ሳምንት አትጠብቂ፤ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ለሐኪምሽ ንገሪ።