የመሪነት ወንበሩ ለማን ይገባል? በ"ስታርጌት" ድራማ አዲስ መሪ ዙሪያ የተነሣው ክርክር

አንድ ቡድን ለዓመታት አብሮ ሲሠራ ቆይቶ መሪው ሲለቅ ወንበሩ ለማን ይገባል? አብሮ ለደከመውና ሥራውን ጠንቅቆ ለሚያውቀው የቡድኑ አባል ነው ወይስ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሰው? ጥያቄው በመሥሪያ ቤትም፣ በማኅበርም፣ በመንደር ጉዳይም የሚነሣ ነው። ከ20 ዓመታት በፊት ግን ይህ ጥያቄ በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ምክንያት የብዙ ተመልካቾች መከራከሪያ ኾኖ ነበር።

ድራማው "ስታርጌት ኤስ ጂ-1" ይባላል። "ስታርጌት" ማለት "የከዋክብት በር" እንደማለት ነው። መነሻው በ1994 ለዕይታ የበቃ ፊልም ሲኾን በቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው በሐምሌ 1997 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ

"ስታርጌት" ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ይህ የድርሰት ዓይነት ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ነገር እንደተደረሰበት አድርጎ በማሰብ የሰው ልጅ በዚያ ዓለም ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያሳያል።

በታሪኩ መሠረት በግብጽ ምድር በቁፋሮ የተገኘ፣ ቀለበት የመሰለ ግዙፍ ጥንታዊ በር አለ። በዚህ በር ያለፈ ሰው በቅጽበት ራሱን በሌላ ዓለም ላይ ያገኘዋል። የአሜሪካ አየር ኃይል በሩን በኮሎራዶ ግዛት በሻየን ተራራ ሥር አስቀምጦ በምስጢር ይጠብቀዋል። ወደ ሌሎች ዓለማት እየሄዱ የሚመለሱ ትናንሽ ቡድኖችንም አደራጅቷል። ከቡድኖቹ ቀዳሚው ኤስ ጂ-1 ነው።

ይህ ቡድን አራት አባላት ነበሩት። መሪው ሪቻርድ ዲን አንደርሰን የተወኑት ኮሎኔል ጃክ ኦኒል ነው። አማንዳ ታፒንግ የተጫወቷት ሳማንታ ካርተር የአየር ኃይል ሻምበልና የሕዋ ፊዚክስ ተመራማሪ ናት። ማይክል ሻንክስ የተወኑት ዳንኤል ጃክሰን የጥንት ታሪክና የቋንቋ ሊቅ ነው። ክሪስቶፈር ጀጅ የተጫወቱት ቲልክ ደግሞ አምላክ ነን ለሚሉ ጨቋኝ ፍጡራን ሲዋጋ ቆይቶ የከዳቸው የሌላ ዓለም ጦረኛ ነው።

ተመልካቹ ይህን ቡድን እንደ ቤተሰብ ለምዶት ነበር። በ2002 ዳንኤል ጃክሰን ለአንድ ዓመት ከቡድኑ ሲወጣና ሌላ ገጸ ባሕርይ ሲተካው አድናቂዎች ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ተዋናዩም በቀጣዩ ዓመት ተመልሰዋል። ስለዚህ ከ2005 በፊትም ቢኾን በዚህ ድራማ ሰው መተካት ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

የካርተር የመሪነት ዓመት

ካርተር በመጀመሪያው ክፍል ወደ ስብሰባ ስትገባ ሴት በመኾኗ የሚጠራጠሯት ወታደሮች ነበሩ። እርሷ ግን ከመቶ ሰዓት በላይ በጠላት የአየር ክልል ውስጥ የበረረች አብራሪ መኾኗን ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት ዓመታት ቡድኑን ከሞት ያተረፉት ብዙዎቹ መላዎች ከእርሷ ጭንቅላት የፈለቁ ናቸው።

በ2004 በተጀመረው ስምንተኛ ምዕራፍ ኦኒል ብርጋዴር ጀኔራል ኾኖ የመላው ተቋም አዛዥ ተደረገ። ካርተርም ወደ ሌተናል ኮሎኔልነት አድጋ የኤስ ጂ-1 መሪ ኾነች። ለብዙ ተመልካቾች ይህ ተገቢ ሹመት ነበር። ከሻምበልነት ተነሥታ፣ በሥራዋ ተመዝና፣ ደረጃ በደረጃ ወጥታ የደረሰችበት ወንበር ነውና።

አዲሱ መሪ መጣ

በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ አንደርሰን ከልጃቸው ጋር ተጨማሪ ጊዜ ማሳለፍ በመፈለጋቸው ከመደበኛ ተዋናይነት ለቀቁ። የድራማው አዘጋጆች አዲስ መሪ ተዋናይ ማምጣት ነበረባቸው። የመረጡትም ቤን ብራውደርን ነው። ብራውደር ከ1999 እስከ 2003 በተላለፈው "ፋርስኬፕ" በተሰኘ ሌላ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ መሪ ገጸ ባሕርይ ኾነው የሠሩና የራሳቸው አድናቂዎች የነበሯቸው ናቸው።

ሐምሌ 15 ቀን 2005 ዘጠነኛው ምዕራፍ ሲጀመር ብራውደር ሌተናል ኮሎኔል ካሜሮን ሚቼልን ኾነው ብቅ አሉ። ሚቼልም የኤስ ጂ-1 መሪ ተብሎ ተሾመ። በዚያ ጊዜ አማንዳ ታፒንግ በወሊድ ምክንያት ከቀረጻ ርቀው ስለነበር ካርተር በታሪኩ ውስጥ ወደ ምርምር ሥራ ተዛውራ ነበር። ወደ ቡድኑ ስትመለስ ግን ወንበሩ በሌላ ሰው ተይዞ አገኘችው።

ክርክሩ የፈነዳው እዚህ ላይ ነው።

የተቃዋሚዎች መከራከሪያ

አዲሱን መሪ የተቃወሙት ተመልካቾች ያነሷቸው ነጥቦች ሦስት ነበሩ። ብዙ ጊዜ እየተደባለቁ ስለሚነሡ ለያይቶ መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የልምድ ጉዳይ ነው። ካርተር ስምንት ዓመት በበሩ ስታልፍ ኖራለች። ሚቼል ግን የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ እንጂ በሌሎች ዓለማት የዘመተ ሰው አልነበረም። ሥራውን የሚያውቀው ሰው አዲስ ለመጣው ታዛዥ የሚኾንበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ሁለተኛው የማዕረግ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ሌተናል ኮሎኔሎች ናቸው። በአሜሪካ ጦር ልማድ ማዕረጋቸው እኩል ከኾኑ መኮንኖች መካከል ቀድሞ የተሾመው ከፍ ብሎ ይታያል። ኾኖም አንድን ቡድን የሚመራው በበላይ አካል በቦታው የተመደበው ሰው ነው። ድራማው ይህን ነጥብ አብራርቶ ባለመንገሩ ተመልካቹ ለራሱ እንዲሟገት ተወው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው የሴትነት ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት በብቃቷ ያገኘችውን ወንበር ለአንድ ዓመት ብቻ ይዛ፣ ምንም ጥፋት ሳይገኝባት፣ ለአዲስ ወንድ መሪ ለምን ትለቃለች? በተለይ ሴት ተመልካቾችን ያስቆጣው ይህ ነበር። የተዋናይዋ ወሊድ ለሹመቱ ምክንያት ነበር ለማለት አይቻልም። የአዲስ ተዋናይ አስፈላጊነት የመጣው ከአንደርሰን መልቀቅ ነውና። ይሁን እንጂ ከወሊድ ስትመለስ ቦታዋን ተይዞ ያገኘች ሴት ታሪክ በገሐዱ ዓለምም የሚታወቅ በመኾኑ ጉዳዩ ከድራማነት አልፎ ተሰማቸው።

የደጋፊዎች መልስ

በሌላ በኩል የቆሙትም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በመጀመሪያ ሚቼል ወንበሩን የነጠቀ ሰው አይደለም ይላሉ። በታሪኩ ውስጥ ሚቼል በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ የኦኒልን ቡድን ለመከላከል ሲበር ተመትቶ የወደቀና ክፉኛ የቆሰለ ጀግና ነው። ከጉዳቱ አገግሞ ምን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ በኤስ ጂ-1 ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ አለ። ምኞቱ ከሚያደንቃቸው ሰዎች ጋር አብሮ መሰለፍ እንጂ እነርሱን መተካት አልነበረም።

ሲደርስ ግን ቡድኑ ተበትኖ አገኘው። ካርተር በምርምር ሥራ ላይ ናት። ቲልክ ነጻ የወጣ ሕዝቡን ለማደራጀት ሄዷል። ዳንኤልም ወደ ሌላ ስፍራ ለመጓዝ ሻንጣውን አሰናድቷል። አዲሱ መሪ የሚመራው ሰው አልነበረውም። የመጀመሪያ ሥራውም ትእዛዝ መስጠት ሳይኾን በየተራ እየሄደ ተመለሱ ብሎ መለመን ኾነ።

ደጋፊዎቹ ሁለተኛ ነጥብም ነበራቸው። ስምንት ዓመት የቆየ ድራማ አዲስ ዓይን ያስፈልገዋል። ነባሮቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉን ያዩ ናቸውና የሚያስደንቃቸው ነገር ጥቂት ነው። አዲስ የመጣው ሰው ግን ተመልካቹ በመጀመሪያው ቀን እንደተገረመው ይገረማል። አዘጋጆቹ በወቅቱ ድራማውን በሌላ ስም እንደ አዲስ ለመጀመር አስበው ነበር። ይህ ቢኾን ኖሮ ሚቼል የሌላውን ወንበር የያዘ ሳይኾን የራሱን ቤት የሠራ ሰው ይመስል ነበር። ነባሩ ስም ግን ቀጠለ። ነባር ስም ሲቀጥል ደግሞ ነባር መብትም አብሮ ይጠየቃል።

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚለው የአበው ብሂል የተቃውሞውን አንድ ክፍል ይገልጻል። የለመዱትን ማጣት ማንንም ያስከፋል። ኾኖም ሁሉንም ተቃውሞ በልማድ ብቻ ማስረዳት ፍትሐዊ አይኾንም። ካርተር እኮ ተመልካቹ የሚያውቃት መሪ ብቻ ሳትኾን በሥራዋ የተፈተነች መሪም ነበረች።

ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዓለም

ክርክሩ ለምን እንደከረረ ለመረዳት በዚያው ወቅት በእውነተኛው ዓለም የነበረውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

ዘጠነኛው ምዕራፍ በተጀመረ በ11ኛው ቀን፣ ሐምሌ 26 ቀን 2005፣ ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ ተነሣች። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ከሰባት ተጓዦቿ ጋር ከጠፋች በኋላ ይህ የመጀመሪያው በረራ ነበር። ይህን እጅግ አስጊ ጉዞ በአዛዥነት የመሩት በአየር ኃይሉ እስከ ኮሎኔልነት ማዕረግ የደረሱት አይሊን ኮሊንስ ነበሩ። ኮሊንስ በ1999 የጠፈር መንኮራኩር በአዛዥነት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ኾነዋል። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ በእውነተኛው ሰማይ ሴት አዛዥ ስትመራ በልብ ወለዱ ሰማይ ሴቲቱ ወንበሩን ለወንድ አስረክባ ታየች። ይህን ያስተዋሉ ተመልካቾች ቢቆጡ አያስገርምም።

ሌላም ገጽታ አለው። የአሜሪካ ጦር ሴቶች በተዋጊ አውሮፕላን እንዲዋጉ የፈቀደው በ1993 ነው። በምድር ላይ ፊት ለፊት በሚዋጉ ክፍሎች እንዳይመደቡ የሚያግደው ደንብ መነሣቱ የታወጀው ግን በጥር 2013 ነው። ስለዚህ ካርተር ጠመንጃ ይዛ፣ ወንዶችን እየመራች በእግሯ ስትዘምት ድራማው ከደንቡ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር። ቀድሞ የሄደ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሁሉም በላይ ይታያል።

ታሪኩ እንዴት ቋጨው?

አዘጋጆቹ የመረጡት መንገድ ማለዘብ ነበር። ካርተር ከተመለሰች በኋላ ሚቼል በዕውቀት ጉዳይ በእርሷ፣ በታሪክና በቋንቋ በዳንኤል፣ በውጊያ ጥበብ በቲልክ ላይ ይደገፋል። ከማዘዝ ይልቅ ማማከር ያዘወትራል። ይህ አንዳንዶቹን አረጋጋቸው። ሌሎቹ ግን ሥራው የጋራ ከኾነ ስሙ ለምን ለአንዱ ይሰጣል ብለው ተከራከሩ።

ድራማው በዚህ አኳኋን ሁለት ምዕራፎችን፣ 40 ክፍሎችን ተጓዘ። በ2007 ሲጠናቀቅ በአጠቃላይ 10 ምዕራፎችና 214 ክፍሎች ነበሩት። ካርተርም ተረስታ አልቀረችም። በዚያው ዓመት ሙሉ ኮሎኔል ኾና "ስታርጌት አትላንቲስ" በተሰኘው ተከታይ ድራማ የአንድ ሙሉ ከተማ አዛዥ ተደረገች። አንድ አነስተኛ ቡድን ለመምራት የተከለከለችው ሴት በሌላ ዓለም ያለ ከተማ መራች። ለአድናቂዎቿ ይህ የዘገየ ካሣ ነበር። ይህም ሹመት ቢኾን ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም።

ከክርክሩ የሚቀረው

ይህ ክርክር ብራውደር ጥሩ ተዋናይ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል አልነበረም። ሚቼልን የሚወዱትም የማይወዱትም የተከራከሩት ስለ አሿሿም ነው። አዲስ ሰው ማምጣት ስሕተት አይደለም። ድካ የደረሰን ሥራ አዲስ ጉልበት ያድሰዋል። ስሕተት የሚኾነው ነባሩና ብቃቱን ያስመሰከረው ሰው ለምን እንደታለፈ ሳይነገረው ሲቀር ነው። የዘጠነኛው ምዕራፍ ደራስያን ካርተር መሪነቱን ለምን እንዳልቀጠለች በአንድ ግልጽ ንግግር ቢያስረዱ ኖሮ የቁጣው ግማሽ በዚያው በበረደ ነበር።

ሚቼል ራሱ የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለ። ሹመቱን የሰጡት የበላዮቹ ናቸው። መሪነቱን ያገኘው ግን ነባሮቹን በየበራቸው ሄዶ በመለመን፣ የማያውቀውን አላውቅም በማለትና የሚያውቁትን በማዳመጥ ነው። ማዕረግ በደብዳቤ ይሰጣል፤ መታመን ግን በሥራ ይገኛል። ካርተርም ከሰባት ዓመት ልፋት በኋላ ያገኘችው ይህንኑ መታመን ነበር። ተመልካቾቿም ወንበሩ ሲወሰድባት ዝም ያላሉት ለዚህ ነው።