ነባር ሯጭና የኦሊምፒክ ወርቅ

በተማሪዎች መካከል ስለ ሩጫ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሳይጠራ የማይቀር አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «አርጅቷል» የሚለው ነው። ሯጩ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ቀን የተሸነፈ እንደ ሆነ ፍርዱ ወዲያው ይሰጥበታል፤ ይግባኝም የለውም። ያሸነፈ እንደ ሆነ ደግሞ «በቃ፣ ይህ የመጨረሻው ነው» ይባልለታል። የዚህ ፍርድ እውነትነት ምን ያህል እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር አስበናል።

ለምርመራችን የመረጥነው ታምራት ቶላን ነው። ታምራት ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶንን ወርቅ ሲወስድ 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ብቻ ይቀረው ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው የበጋ ኦሊምፒክ ለሐምሌ ወር 2020 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተቀጥሯል፤ በዚያን ጊዜ 37ኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሳምንታት ይቀሩታል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው።) በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፉ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የእኛው አበበ ቢቂላ፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልዴማር ሲርፒንስኪና የኬንያው ኤሊውድ ኪፕቾጌ ናቸው። ታምራት አራተኛው ሊሆን ይችላልን?

በመጀመሪያ ዕድሜ ከሯጭ የሚወስደውንና የሚተውለትን እንለይ። ሰው ሠላሳ ዓመትን እየተሻገረ ሲሄድ ልቡ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛ ምት ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ጡንቻውም በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ የሚያወጣው ኃይል ይደክማል፤ የተጎዳ ጅማትም ለመዳን ይዘገያል። ስለዚህ ፍጥነትና ዝላይ በሚጠይቅ ውድድር ነባሩ ቶሎ ይቀደማል። በበረዶ ላይ በሸርተቴ የሚደረገውን የጥበብ ውድድር ብንመለከት፣ ተወዳዳሪው አየር ላይ ሦስትና አራት ጊዜ ዞሮ በአንድ እግሩ ማረፍ ስላለበት፣ የነጠላው ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ የወጣቶች ነው። ሆኖም እዚያም ቢሆን በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ለካናዳ የተሰለፈችው ዲያና ስቴላቶ ዱዴክ በ2016 ዓ.ም. በጥንዶች ውድድር ከጓደኛዋ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 40 ነበር።

በማራቶን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ማራቶን የሚሮጥ ሰው ልቡን እስከ ጫፍ ድረስ አያስመታም፤ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት ነው ሥራው። ለዚህ ደግሞ ዋናው ነገር ለአንድ እርምጃ የሚወጣው ትንፋሽ ማነስ ነው። ይህ ቁጠባ በዕድሜ ቶሎ አይጠፋም፤ እንዲያውም ለብዙ ዓመታት በመሮጥ ይዳብራል። ሁለተኛው ነገር የራስን አቅም ማወቅ ነው። እነዋሪ አካባቢ በሞረትና በጅሩ ሜዳ መረሬ አፈር ሲታረስ ያየ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ወይፈን ለእርሻ ሲለማመድ ከነባር በሬ ጋር ይጠመዳል። ወይፈኑ በማለዳ ይጎትታል፤ ቀንበሩን ያጣምማል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ያለከልካል። ነባሩ በሬ በጉልበት ላይበልጠው ይችላል፤ ነገር ግን ፈሩን ይዞ እርሻው እስኪፈታ ድረስ በአንድ እርምጃ ይሄዳል። በማራቶንም ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ከዚህ በኋላ ወደ ታሪክ እንለፍ። ዕድሜ ብቻውን ፈራጅ አለመሆኑን ከሜክሲኮ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን መስመር ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ቆመው ነበር። ሁለቱም በ1924 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም 36 ዓመት ሞልቷቸዋል። አንደኛው ከደብረ ብርሃን ወዲያ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በተባለው መንደር የተወለደው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በጫማ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ነው። ሁለተኛው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ ወደ ኦሊምፒክ መጀመሪያ የሄደው በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሮጠው 800 እና 1,500 ሜትር እንዲሁም የዱላ ቅብብል ነበር። የአጭር ርቀቱን ፍጥነት ዕድሜ እየቀነሰበት ሲሄድ እርሱ ርቀቱን እያረዘመ ሄደ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው።

አበበ በእግሩ ጉዳት የተነሣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ። ማሞ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛውን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎት ነበር። ሰዓቱ አበበ በሮምም በቶኪዮም ከሮጠው የዘገየ ነው። ምክንያቱም ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ሳስቶ ብዙዎችን አዳክሟል። ለእኛ ግን ያ ከፍታ እንግዳ አይደለም፤ እነዋሪ እንኳ ከሜክሲኮ ከተማ ከፍ ብላ በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ አንባቢው ይፍረድ፦ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በአንድ ጦር ሠፈር የሠለጠኑ፣ በአንድ ቀን የሮጡ ሁለት ሰዎች፤ አንዱ በጉዳት ወጣ፣ አንዱ ወርቅ አጠለቀ። የለያቸው ዕድሜ ሳይሆን በዚያች ቀን የእግር ጤና ነው። ማሞም በዚያ አላበቃም፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አግኝቷል።

ሌላው ምሳሌያችን «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር ነው። ምሩፅ በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ በ1968 ዓ.ም. አገራችን በሞንትሪያል ስላልተካፈለች ስምንት ዓመት ጠበቀ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በአምስት ቀን ልዩነት 10,000 እና 5,000 ሜትርን ሲያሸንፍ መዝገቡ 36 ዓመት ይለዋል፤ ከዚያም ከፍ የሚያደርጉት አሉ። በመምና በፍጥነት ሥራ አንድ ነባር ሰው እንዲህ ያደረገው የሚቀይረውን ማርሽ እስከ መጨረሻው 300 ሜትር ድረስ ደብቆ ማቆየት ስለ ቻለ ነው።

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔዝ በነሐሴ 1976 ዓ.ም. በዚያችው በሎስ አንጀለስ፣ በሙቀት ውስጥ፣ በ37 ዓመቱ የማራቶንን ወርቅ ወሰደ። የሮጠበት 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ለ24 ዓመት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። የሩማንያዋ ኮንስታንቲና ዲታ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ የሴቶችን ማራቶን ስታሸንፍ 38 ዓመቷ ነበር። ኪፕቾጌም ሁለተኛውን ወርቅ በ2013 ዓ.ም. በጃፓን ሲያገኝ 36 ዓመት ሞልቶት ነበር። እንግዲህ ታምራት በሎስ አንጀለስ የሚኖረው ዕድሜ ከእነዚህ አሸናፊዎች ዕድሜ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚሄድ ነው።

ነገር ግን ለሐቅ ስንል ሌላውንም ወገን ማስረዳት አለብን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነሐሴ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ10,000 ሜትር በ35 ዓመቱ ስድስተኛ ወጣ፤ ወርቁን የወሰደው የ26 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ ነው። ይኸው ኃይሌ ከስድስት ሳምንት በኋላ በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መሙ ያረጀ ያለውን ጎዳናው ገና ወጣት ነህ አለው ማለት ነው። ቀነኒሳም በተራው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ከአራት ወር በኋላ ግን በፓሪስ 39ኛ ሆነ። በዚያው ቀን የ39 ዓመቱ ኪፕቾጌ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ከዚህ የምንማረው፣ ዕድሜ ለማራቶን ሯጭ እስከ 37 እና 38 ድረስ ይታገሠዋል እንጂ ለዘለዓለም አይታገሠውም። እስከ ዛሬ 40 ዓመት ሞልቶት የኦሊምፒክን ማራቶን ያሸነፈ የለም፤ ማሞ እንኳ በ40 ዓመቱ ያገኘው ነሐስ ነው።

አሁን ወደ ታምራት እንመለስ። የፓሪስ መንገድ ከከተማው አዳራሽ ተነሥቶ እስከ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ 436 ሜትር ዳገት ያለበት ነበር። ታምራት በዳገቱ ላይ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ተነጥሎ ሄደ፤ እስከ መጨረሻውም ማንም አልደረሰበትም። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆነ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ፣ ድልድይና ዳገት በበዛበት መንገድ፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ሮጦ የዚያን ከተማ ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ዩጂን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሦስቱም ድሎች የተገኙት አሯሯጭ በሌለበት ውድድር መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል። ኦሊምፒክም አሯሯጭ የለውም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ፓሪስ ሊሮጥ መጀመሪያ አልተመረጠም። አንድ አገር ለኦሊምፒክ ማራቶን ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ አይችልም፤ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ዴሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ታምራት ተጠባባቂ ነበር። የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ስለ ለቀቀ ነው። ሲሳይ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቫሌንሲያ ሜዳማ መንገድ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ የሮጠ ታላቅ ሯጭ በመሆኑ መመረጡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው የሦስት ደቂቃ ልዩነት የሜዳና የዳገት፣ የአሯሯጭና የብቸኝነት ልዩነት ጭምር ነው። ሰዓት ብቻውን ሲነበብ ይህን አይናገርም።

ይህ ጉዳይ ለነባር ሯጭ ከሁሉ የከፋ መሰናክል ነው። ሮጦ ያልጠገበ ወጣት በአሯሯጭ እየተጎተተ በሜዳ ላይ ፈጣን ሰዓት ማውጣት ይቀልለዋል፤ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ወጣት በየዓመቱ አይጠፋም። የነባሩ ብልጫ ግን የሚታየው ሙቀት ሲበረታ፣ ዳገት ሲመጣ፣ የሚመራ ሲጠፋ ነው፤ ይህም በሰዓት መዝገብ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ነባሩን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ የሚወጣው የስም ዝርዝር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ ቦታዎች ቢያንስ አንዱ፣ የውድድሩ ቀን የሚመስል መንገድ ላይ፣ ያለ አሯሯጭ ላሸነፈ ሰው ሊሰጥ ይገባዋል። ይህ ለሽማግሌ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ወርቅ የሚፈልግ አገር ሊያስበው የሚገባ ሒሳብ ነው። ወጣቱም እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ካሸነፈ ቦታው የእርሱ ነው።

በመጨረሻ ፍርዳችንን እንስጥ። ታምራት በሎስ አንጀለስ ያሸንፋል ብለን አንወራረድም። በ36 ዓመት ሰውነት አንድ የጅማት ሕመም የአራት ዓመት ድካምን ያበላሻል፤ አበበንም ያስወጣው የእግር ጉዳት ነው። ተወዳዳሪውም ብዙ ነው፤ ከፓሪስ ሁለተኛው ባሽር አብዲ ጋር የነበረው ልዩነት 21 ሴኮንድ ብቻ እንደ ነበር አይዘነጋም። ነገር ግን የሐምሌ ሙቀት ለእርሱ ዓይነት ሯጭ ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም። እግሩ ጤና ሆኖ ከደረሰና ስሙ ከሦስቱ መካከል ከተጻፈ፣ ዕድሜው ከማሞ የሜክሲኮ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ ከሎፔዝም ዕድሜ ያንሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክራችን «አርጅቷል» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ እግሩ ጤና ነውን? መንገዱ ምን ዓይነት ነው? መራጩስ የተመለከተው የትኛውን ሰዓት ነው? የልደቱ ዓመት መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ በኋላ ነው።