ያውቁ ኖሯል? ባክቴሪያን በጠረኑ የሚለየው የቤርሼቫ አፍንጫ

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኔጌቭ በረሃ ያለችው ቤርሼቫ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ የምትባለው የአብርሃም አገር፣ ባክቴሪያን የሚያሸት ሰው ሠራሽ አፍንጫ እንደተሠራባት ያውቁ ኖሯል? የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ራዝ ዬሊኔክ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ሲሆን፣ ጥናቱ የታተመው በ2021 ነው።

ባክቴሪያ ሲራባ ወደ አየር ተን ይለቃል፤ የአንዱ ዝርያ ተን ከሌላው ይለያል። አፍንጫው እንደተቆላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች የተሰካኩ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች አሉት፤ በላያቸው ካርቦን ዶት የሚባሉ ቅንጣቶች ተቀብተዋል። ተኑ ቅንጣቶቹ ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሮዶቹ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ይለወጣል። የተለያዩ ቅንጣቶች ለተለያየ ተን ስለሚሳቡ፣ ኮምፒውተሩ ለውጦቹን አንድ ላይ አይቶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ይለያል።

ካርቦን ዶት በአብዛኛው ከ10 ናኖሜትር ያንሳል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር መሆኑን አስበው ያመዛዝኑ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሲያጣሩ በአጋጣሚ ነው ያገኙት። ከብርቱካን ጭማቂም ይሠራል!

ዬሊኔክ ከአፍንጫው በፊት ሌላ ሥራ ነበራቸው። ፖሊዳያሴቲሊን የተባለ ሰማያዊ ፖሊመር አለ፤ ቅርጹ ሲረበሽ ቀይ ይሆናል። ይህን ፖሊመር የሕዋስ ሽፋንን ከሚመስሉ ቅባቶች ጋር ቀላቀሉት። ባክቴሪያ የሚያመነጫቸው አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የሕዋስ ሽፋንን ስለሚያውኩ፣ ባክቴሪያው ባለበት ሰማያዊው ወደ ቀይ ይለወጣል። በ2006 ያሳተሙት ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ከአፍንጫው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኼኛው ነው፤ ለውጡን ለማየት ኮምፒውተር ቀርቶ መብራት እንኳ የሌለው ጤና ኬላ ዓይን ብቻ ይበቃዋል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ ምህንድስና ፕሮፌሰሩ ሮበርት ማርክስ ደግሞ ብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር፣ ማለትም በኦፕቲካል ፋይበር፣ በሽታ ሲመረምሩ ኖረዋል። የክሩ ጫፍ ላይ የሚፈለገው ቫይረስ ፕሮቲን ይለጠፋል። ጫፉ ከታማሚው ደም በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር፣ በሽታውን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ፕሮቲኑን ይይዛል። ከዚያ በኬሚካል ርዳታ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ ክሩ ራሱ ብርሃኑን ወደ መለኪያው ያደርሰዋል። ለሄፓታይተስ ሲ፣ ለዌስት ናይል ቫይረስ እና ለዴንጊ ተሞክሯል። በ2007 ደግሞ በመካከለኛው አፍሪካ ለኢቦላ ጥናት ወደ መስክ የሚወሰድ መሣሪያ ይዘው ቀረቡ።

እንደ ማርክስ ክር ያለው፣ ሕይወታዊ ንጥረ ነገርን ከመለኪያ ጋር የሚያጣምር መሣሪያ ባዮሴንሰር ይባላል፤ ታሪኩ ከ1962 ይጀምራል። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ኤንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምረው በደም ውስጥ ያለ ስኳር የሚለካበትን መንገድ አሳዩ። ዛሬ የስኳር ሕመምተኞች ጣታቸውን ወግተው የሚለኩበት መሣሪያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ማሽተትን ካነሣን፦ አዲስ አበባ ውስጥ የቲቢ ናሙና የሚያሸቱ የሠለጠኑ አይጦች እንዳሉስ? አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ የጀመረውን ሥራ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ወደ እኛ አምጥቶታል። አንዲት አይጥ 100 ናሙና በ20 ደቂቃ ታሸታለች። የቤርሼቫው አፍንጫ ቢያንስ እህል አይበላም።

ከማሽተት ወደ ዓይን ስንመለስ፣ በየጤና ኬላው የምናየው የወባ ፈጣን መመርመሪያ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር ብዙውን ጊዜ ወርቅ ነው። ወርቅ በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1857 አጥንቶታል። በመተማና በሁመራ ለሚያሠቃየው ለካላዛር የሚያገለግለው አርኬ 39 የተባለው መመርመሪያም መስመር የሚያወጣ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን በሽታውን የመለየት አቅሙ ሕንድ ውስጥ ካለው ያንሳል። ሕንድ ላይ የሠራው ሁሉ ጎንደር ላይ ይሠራል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ወባም ራሷ ዘዴውን አውቃበታለች። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2021 የታተመና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ጂን የጠፋባቸው ተውሳኮች መኖራቸውን አሳይቷል። በእንዲህ ዓይነቱ ተውሳክ የተያዘ ሰው መመርመሪያው ነፃ ነህ ሊለው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ፕሮቲን ላይ ብቻ የማይንጠለጠል አዲስ መመርመሪያ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

የቤርሼቫው አፍንጫ ሴንሲፊ የሚባል ኩባንያ ወልዷል፤ ኩባንያው ያተኮረው ግን በምግብ ብክለት ላይ ነው። አፍንጫው ሕሙማን ዘንድ እስኪደርስ ወርቃማው መስመር ከእኛ ጋር ነው። እንግዲህ ቤትዎ ፈጣን መመርመሪያ ቢጠቀሙ፣ መመሪያው በሰጠው ሰዓት ያንብቡት፤ ዘግይቶ የወጣ መስመር አይታመንም። መመርመሪያው መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ወጥቶ የምርመራው መስመር ቢደበዝዝም ውጤቱ በሽታው አለ የሚል ነው። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ግን ውጤቱን ይጣሉና በሌላ አዲስ ይመርመሩ።