የጎተራው ቁልፍ፦ ስብ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይገባል? እንዴትስ ይወጣል?

ጾም በገባ ቁጥር ከጎረቤትም ከዘመድም ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡልኛል። አንደኛው፣ «ሲስተር፣ ሥጋና ቅቤ ትቼ ሳለ ለምንድን ነው የምወፍረው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ስኳር አለብኝ፤ ምግብ ካልበላሁ መርፌውን ልተወው ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ቀሚስ ጠበበኝ ነው፤ ሁለተኛው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ሰውነታችን ስብን በሚያስቀምጥበትና በሚያወጣበት ሥርዓት ውስጥ።

በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት የታዘብኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በሽተኛ «ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ» ሲባል ቶሎ ይረሳል፤ ምክንያቱ ሲገባው ግን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ምክንያቱን በቤታችን ቋንቋ ላስረዳ።

ስብ ከምን ይሠራል?

የምንበላው ምግብ ኃይል የሚሰጠን በሦስት መልክ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ስኳር በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ናቸው። ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ሥጋ ፕሮቲን ይሰጡናል። ዘይት፣ ቅቤና ጮማ ደግሞ ስብ ናቸው። ሦስቱም በዋናነት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠሩ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ፕሮቲን ናይትሮጅን ይጨምራል። ልዩነታቸው አሠራራቸው ላይ ነው።

በእንጀራ ውስጥ ያለው ስታርች ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እንደ ዶቃ ተያይዞ የተሠራ ነው። ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተለያየ ቅደም ተከተል ተሰካክተው የሚሠሩት ነው። ስብን ለማሰብ ደግሞ ሦስት ጣት ያለውን መንሽ አስቡ። ጣቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው ግሊሰሮል ይባላል፤ ሦስቱ ጣቶች ቅባት አሲዶች የሚባሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው። በላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ «ትራይግሊሰራይድ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው።

ጣቶቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ስቡ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ስለዚህ ቅቤና ጮማ በብርድ ይረጋሉ። ጣቶቹ መሐል ላይ የተጣመሙ ከሆኑ መጠጋጋት አይችሉም፤ ስለዚህ የኑግና የሱፍ ዘይት ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ።

ስብ እንደሚወራበት ጠላት አይደለም። የእያንዳንዱ ሴል ሽፋን ከስብ ዘመዶች የተሠራ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስብ የተጠቀጠቀ ኃይል ነው፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል።

ኪስ፣ ሌማትና ጎተራ

ሰውነት ኃይሉን የሚያስቀምጠው ልክ እንደ ባልትና አዋቂ እማወራ በሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ኪስ ነው፤ ማለትም ደም። በጤነኛ ሰው ደም ሁሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ስኳር ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ የዕለት ወጪ ነው።

ሁለተኛው ሌማት ነው። ትርፍ ግሉኮስ ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። ጉበት ውስጥ 100 ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል ይገኛል። ሁለቱም ተደምረው ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ቢሰጡ ነው። የጡንቻው ለጡንቻው ብቻ የሚውል ስለሆነ፣ ደምን የሚመግበው የጉበቱ ነው፤ እሱም ሳይበሉ አንድ ቀን ቢዋል ሊያልቅ ይደርሳል።

ሦስተኛው ጎተራው ነው፤ ማለትም ስብ። ወፍራም ያልሆነ ሰው እንኳን 10 ኪሎ ግራም ስብ ሊኖረው ይችላል። ይህ 90,000 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። የሌማቱንና የጎተራውን ልዩነት እዩት!

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። ግላይኮጅን ሲቀመጥ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሰው መብላት ሲቀንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ ደስ የሚለው በአብዛኛው ይህ ውኃ ሲወጣ ነው። ጎተራው ገና አልተነካም።

ቁልፍ ያዡ ኢንሱሊን

ጎተራ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የሚይዘው ከሆዳችን ጀርባ ያለው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ብዙ ሰው ኢንሱሊን ሲባል «ስኳር ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት» ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ከዚያ ይሰፋል። ስንበላ ኢንሱሊን ይበዛና ስኳሩን ወደ ጡንቻ ያስገባል፤ ሌማቱን ያስሞላል፤ ስቡን ጎተራ ያስገባል፤ ከዚያም የጎተራውን በር ይቆልፋል። ስብ የሚፈታው ኢንዛይም ኢንሱሊን እያለ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ምግብ ከበላን ሰዓታት ሲያልፉ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል። ያኔ በሩ ገርበብ ይላል፤ መንሹ ይፈታና ቅባት አሲዶቹ በደም ተጭነው ወደ ልብ፣ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ይሄዳሉ። እዚያም ይነዳሉ። እንዴት እንደሚነዱ መንገዱን ያሳየው ጀርመናዊው ፍራንዝ ክኑፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ምልክት የተደረገባቸውን ቅባት አሲዶች ለውሾች አብልቶ ሽንታቸውን መረመረ። ረጅሙ ሰንሰለት ከጫፉ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቆረጠ እንደሚያልቅ ተረዳ፤ ልክ የሸንኮራ አገዳ አንጓ በአንጓ እንደሚቆረጠው።

እነዚህ ቁራጮች በኦክስጅን ነደው መጨረሻቸው የምናስወጣው አየርና ውኃ ነው። 10 ኪሎ ግራም ስብ ሙሉ በሙሉ ቢነድ፣ 8.4 ኪሎ ግራሙ በትንፋሽ እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ግራም ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ስብ በላብ አይቀልጥም፤ በወገብ ላይ በሚታሰር ላስቲክም አይወጣም። የሚወጣው በአፍንጫችን ነው።

ታዲያ አንድ ችግር አለ። አንጎል ቅባት አሲድን እንደ ልቡ ማንደድ አይችልም፤ ሰውነትም ቅባት አሲድን መልሶ ስኳር ማድረግ አይችልም። እዚህ ላይ ጉበት ይደርሳል። ቁራጮቹን ወደ ኬቶን ይለውጣቸውና ለአንጎል ይልካል። የሰው ልጅ ረሃብን ችሎ ለሳምንታት የሚቆየው በዚህ ጥበብ ነው። ጤነኛ ሰው ሲጾም ኬቶኑ በመጠኑ ይሆናል፤ ትንሽም ብትሆን ኢንሱሊን በሩ ላይ ቆማ ልኩን ትጠብቃለችና።

ሥጋና ቅቤ ትቼ ለምን ወፈርኩ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። በጾም ወቅት ብዙ ቤት የሚሆነውን እናውቀዋለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይና ዳቦ በስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ በዘይት የዋኘ የጾም ወጥ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፤ ኃይሉ ግን አልቀነሰም።

ስኳርና ዱቄት ሲበዛ ኢንሱሊን ይበዛል። ሰውነት መጀመሪያ ስኳሩን ያነዳል፤ ከዚያው ጋር የበላነው ዘይት ለጊዜው አያስፈልግምና በቀጥታ ጎተራ ይገባል፤ በሩም ይቆለፋል። ከተትረፈረፈው ስኳርም የተወሰነው በጉበት ውስጥ ራሱ ወደ ስብ ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ጮማ ሳይቀምስ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብሎ የሚገኘው በዚህ ነው። ዘይቱ «የጾም» ቢባልም ለጎተራው ልዩነት የለውም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ወጥ ላይ ሲንቆረቆር ስንት ማንኪያ እንደሚሆን ቁጠሩት።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዘይቱን በጠርሙስ ሳይሆን በማንኪያ ጨምሩ። ሻዩን ስኳር ቀንሱለት። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑን አብዙ። ከምግብ በኋላ ጥቂት በእግር ሂዱ፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ይወስዳል።

ቁልፍ ያዡ ሲጠፋ

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን አይሠራለትም፤ ወይም ሊባል የማይችል ጥቂት ነው የሚሠራለት። የጎተራውን በር የሚጠብቅለት የሚወጋው መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ሲቀር በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ስቡ እንደ ጎርፍ ወደ ጉበት ይወርዳል፤ ጉበት ኬቶን ያለ ልክ ይሠራል። ኬቶን ደግሞ አሲድነት አለው፤ ሲበዛ ደምን ይመርዛል። በዚያው ጊዜ ጉበት ስኳርም ይሠራል፤ ወደ ሴል የሚያስገባው ስለሌለ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ በሽንት ሲወጣ ውኃውን ይዞ ይወጣል። ሰውየው በስኳር ተጥለቅልቆ ይራባል፤ ውኃ እየጠጣ ይደርቃል።

በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስሠራ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በቃሬዛ መጣ። ትንፋሹ ፈጣንና ከጥልቅ የሚሳብ ነበር፤ አፉ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ሦስት ቀን አስመልሶታል።

«እናቴ፣ መርፌውን ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ከታመመ ወዲህ ተውነው ሲስተርዬ» አሉኝ። «እህል በአፉ አልዞረም። በባዶ ሆዱ ስኳሩ ወርዶ እንዳይገድልብኝ ፈራሁ።»

የእኚህ እናት ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነው፤ መነሻም አለው፤ ስኳር ከልክ በላይ መውረድም ይገድላልና። ያላወቁት ግን ልጁ ባይበላም ጉበቱ ስኳር መሥራቱን፣ ጎተራውም መፍሰሱን ነው። ደሙ ሲለካ ስኳሩ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነበር፤ ሽንቱም በኬቶን የተሞላ ነበር። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፣ ኢንሱሊን ተሰጠው፣ ፖታሲየሙም ተጠበቀ። በሁለተኛው ቀን ማታ እናቱን አጥሚት ጠየቃቸው።

ይህን አተነፋፈስ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1874 ጽፎታል። ያን ጊዜ የሞት ምልክት ነበር። የካናዳዊው ልጅ የሊዮናርድ ቶምፕሰን ታሪክ ይህን ያሳያል። ዕድሜው 14 ዓመት፣ ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ ቶሮንቶ ሆስፒታል ውስጥ ይሞታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ኢንሱሊን በመርፌ የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬ ይህ መድኃኒት እያለ በመፍራት ብቻ መተው ያሳዝናል።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ምግብ ባይበላም፣ ቢታመምም፣ ጸበል ቢሄድም ኢንሱሊኑን ፈጽሞ አያቋርጥ። መጠኑ ሊቀነስ ወይም ሊጨመር ይችላል፤ ይህንንም ሐኪሙ ይነግረዋል። መጠን ማስተካከልና ማቆም ግን ለየቅል ናቸው።

በሕመም ጊዜ ስኳሩ በየጥቂት ሰዓቱ ይለካ፤ ፈሳሽ አዘውትሮ ይጠጣ።

ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም አፉ እንደ ፍራፍሬ ወይም እንደ አሴቶን ከሸተተ ነገን አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት።

በሽታው ገና ያልታወቀበት ልጅም አለ። ልጃችሁ እየበላ ከከሳ፣ ውኃ ከጠማው፣ ሌሊት ሽንት ካመላለሰው ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ወስፋት ነው ወይም ታይፎይድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የደም ስኳሩን አስለኩ። የአንዲት ጠብታ ደም ጉዳይ ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ረመዳንን የሚጾሙ ወገኖቻችንም እንዲሁ፤ እምነታቸው ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ከምታውቁት ሰው መካከል ኢንሱሊን የሚወጋ ካለ፣ ዛሬውኑ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ታመህ ምግብ እምቢ ቢልህ መርፌውን ምን ታደርገዋለህ?» «እተወዋለሁ» ካላችሁ፣ ስለ ጎተራው ንገሩት።